የሳህኑን ቀንሰሃል?

አክስቴ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ መጣች። ከእሳት የወረደ ድስት የያዘች ነው የምትመስለው።

«ትኩሳት ይዞታል» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይግላል።»

ተቀበልኳት። እውነትም ያቃጥላል። ገና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ባትሪው 38 በመቶ ላይ ደርሷል። ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድሮ 12 ሰዓት ላይ ሙሉ ሆኖ እንደነቀለችው በገብርኤል ማለችልኝ። መማል አያስፈልጋትም ነበር። ጥፋተኛውን ስልኩን እንደነካሁት ጠርጥሬዋለሁ። እኔው ነኝ።

አክስቴ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ስኳር፣ ዘይት። ከደንበኞቿ ግማሽ ያህሉ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ ነው የሚወስዱት። ድሮ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነበራት። አንድ ቀን ዘይት ተደፋበትና የሁለት ወር ሒሳብ አብሮ ጠፋ። ያኔ ነው «አንተ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ የምትውል ልጅ፣ እስቲ አንድ ነገር አድርግልኝ» ያለችኝ።

የዱቤ መዝገብ አፕ በፍላተር ሠራሁላት። ፍላተር ለማታውቁት፣ በዳርት ቋንቋ አንዴ የጻፋችሁት ኮድ አንድሮይድም አይፎንም ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ የጎግል ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የአፕ መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው። 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነው። እኔን የማረከኝ ሆት ሪሎድ የሚሉት ነገር ነው። ኮድ ትቀይራለህ፣ ሴቭ ትላለህ፣ አፑ ሳይዘጋ ለውጡ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መብራት ሳይሄድ ልጨርስ እያለ ለሚጣደፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አፑ በእኔ ስልክ እንደ ውሃ ይፈሳል። በአክስቴ ስልክ ስታክ ያደርጋል። የደንበኞቹን ዝርዝር ወደ ታች ስታንሸራትት ይቆማል፣ ያስባል፣ ከዚያ ሦስት ሰው ዘሎ ያልፋል። ስልኩ ባለ 2 ጊጋ ራም ነው፣ አንድሮይድ 9። «አርጅቶ ነው» ብዬ ተገላገልኩ። ስንት ዴቨሎፐር በዚህች ቃል እንደተገላገለ እግዜር ይወቀው።

ስልኩን ያለስሙ ስም ሰጠሁት እንጂ ችግሩ ፎቶዎቹ ነበሩ። ስማቸው የሚመሳሰል ደንበኞች ስላሏት እያንዳንዱን ሰው ፎቶ ታነሳለች። ፎቶው ፋይል ሆኖ ሲቀመጥ 3 ሜጋ ቢሆን ነው። ስክሪን ላይ ሊታይ ሲፈታ ግን 4000 በ3000 ነጥብ ነው፣ ማለትም 12 ሚሊዮን። ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስጡት። 48 ሜጋባይት! ያውም የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ክብ ውስጥ ለሚታይ ፊት። ፍላተር የተፈቱ ፎቶዎችን የሚያቆይበት ማከማቻ ደግሞ ካልነካችሁት 100 ሜጋ ነው። ሁለት ደንበኛ ሲገባ ሞላ ማለት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ አንዱ ይባረራል፣ ወደ ላይ ስትመለሱ የተባረረው እንደገና ይፈታል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ፎቶው ገና ሲፈታ አንሶ እንዲፈታ የሚፈለገውን ስፋት መንገር። እሷን አንድ መስመር ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ።

ፍላተር የራሱ መመርመሪያ አለው፣ ዴቭቱልስ ይባላል። ላፕቶፕ ላይ፣ ብሮውዘር ውስጥ ይከፈትና ስልኩ ላይ ካለው አፕ ጋር ይነጋገራል። ምርጥ ነገር ነው። ችግሩ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ ዘርግቼ፣ ገመድ ሰክቼ፣ በጆንያዎች መካከል ቁጭ ብዬ ደንበኛ መጠበቅ አለመቻሌ ነው። አፑ ደግሞ ስታክ የሚያደርገው እሷ ስትሸጥበት እንጂ እኔ ስነካካው አይደለም።

ስለዚህ አፑ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መለኪያ ጻፍኩ። ብዙ ስልክ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። 1000 ሚሊሰከንድ ለ60 ሲካፈል 16.7 ነው። አንድ ፍሬም፣ ማለትም በአንዱ እድሳት የሚታየው ምስል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሰልቶ ተስሎ ካልደረሰ ዘገየ ይባላል፤ ዓይን መንተባተቡን ያየዋል። ባለ 120 ኸርዝ ስልክ ላይ ደግሞ ያለችው 8.3 ብቻ ናት። የእኔ መለኪያ በስክሪኑ ጥግ ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ዘንግ ይስል ነበር። በጊዜው ከደረሰ አረንጓዴ፣ ከዘገየ ቀይ። ወደድኩትና ኦፕን ሶርስ አድርጌ ዴቨሎፐሮች ኮድ የሚጋሩበት ጊትሃብ ላይ ለቀቅኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ይጠቀሙበት ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ከማላውቀው አገር «እናመሰግናለን» የሚል ስመለከት ያው ደረቴ ተነፋ።

ደረት ሲነፋ ነው ጣጣው። ዘንጎቹ ዝም ብለው ከሚዘሉ ለስለስ ብለው ቢንሸራተቱ ያምራሉ ብዬ አኒሜሽን ጨመርኩባቸው። አማሩ። ለወዳጆቼ አሳየሁ።

ፍላተር ላይ መረሳት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ምንም የሚለወጥ ነገር ከሌለ አዲስ ፍሬም አይሳልም። አክስቴ አፑን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው፣ ማንም ካልነካው፣ የሚያሰላው ሲፒዩም ሥዕል የሚስለው ጂፒዩም ያርፋሉ። አኒሜሽን ግን «ቀጣዩን ፍሬም ስጡኝ» እያለ ያለማቋረጥ የሚጠይቅ ነገር ነው። የእኔ ዘንጎች የሚያሳዩት አዲስ ነገር ባይኖርም በሰከንድ 60 ጊዜ ይጠይቃሉ። ዝርዝሩንም ከእነሱ ስላልለየሁት አብሯቸው ደጋግሞ ይሳላል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ስክሪኑን መክፈት ስለሚሰለቻት ደግሞ አፑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጌላት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ማንም በማያየው ዘንግ ምክንያት፣ ስልኩ ያለ እረፍት ይስላል። ስልክ ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ፍሬሞቹ ይዘገያሉ። ሲዘገዩ የእኔ መለኪያ ቀይ ያሳያል። እኔም ቀዩን አይቼ «አፑ አሁንም ችግር አለበት» እላለሁ።

አንብባችሁ ሳቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ከአክስቴ በፊት ሌላ ሰው ነግሮኝ ነበር። ከውጭ አገር አንድ ተጠቃሚ «መሣሪያው ሲበራ ባትሪ ይጨርሳል» ብሎ ጊትሃብ ላይ ኢሹ፣ ማለትም የችግር ጥቆማ፣ ከፍቶ ነበር። «በእኔ ስልክ ላይ አይታይም» ብዬ መለስኩለትና ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ ቆየ።

የዚያን ቀን ልክ ለእናንተ እንዳስረዳሁት ለአክስቴም አስረዳኋት። «ስልኩን ያሞቀው መለኪያው ራሱ ነው» አልኳት። ምስር እየመዘነች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሚዛኑ ላይ ያለውን የብረት ሳህን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«የሳህኑን ቀንሰሃል?»

«እ?»

«መለኪያህን ነዋ። እኔ የሳህኑን ሳልቀንስ ብሸጥ ሰፈሩ በሙሉ ይሰድበኛል። አንተ ቀንሰህ ነው የምትናገረው?»

አልቀነስኩም ነበር። የሳህኑ ክብደት ስንት እንደሆነም አላውቅም ነበር።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን ኢሹ ከፍቶ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የገጠመኝ ጥያቄ ግን ከባድ ነው። መለኪያን በራሱ መለኪያ መለካት አይቻልም። ሲጠፋ ቁጥር አይሰጥም፣ ሲበራ ደግሞ ራሱን ይጨምራል። ከጓደኛዬ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ተዋስኩ። የአክስቴን ስልክ ስክሪን በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። 240 ለ60 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ ሁሉም ጤነኛ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል በቪዲዮው ላይ 4 ፍሬም ይቆያል። 12 ከቆየ ሁለት ፍሬም ተበልቷል። ሌላ ዘዴ አልነበረኝም፤ አንድ በአንድ እየገፋሁ፣ ወረቀት ላይ አራት ጭረት አድርጌ አምስተኛዋን እየሰረዝኩባት፣ ቆጠርኩ። መለኪያው ሲጠፋ፣ ከዚያ ሲበራ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ምን ዓይነት ፊልም ነው የማይንቀሳቀስ?» አለች።

ልዩነቱ ያሳፍር ነበር። ሲጠፋ አልፎ አልፎ አንድ ፍሬም የሚበላው ዝርዝር፣ ሲበራ በእያንዳንዱ ማንሸራተት አራትና አምስት ይበላል።

ደግሜ ጻፍኩት። አሁን አፑ ውስጥ ምንም አይስልም። የፍሬሞቹን ሰዓት ርዝመቱ የማይጨምር ሰልፍ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲሞላ ከኋላ ያረጀውን ይጥላል። ሥዕሉን የሚሠራው በኋላ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ነው። የሚገርመው የፍላተር ሰዎች መንገዱን ቀድመው አሳይተው ነበር። ዴቭቱልስ ከአፑ ውጭ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። የፍሬም ሰዓቶችንም ፍላተር ለኮዳችሁ የሚያስረክበው በየፍሬሙ ሳይሆን ሰብስቦ ነው። ለተጠቃሚ በሚለቀቀው ሪሊዝ ሞድ ላይ በሰከንድ አንዴ ገደማ፣ ፍጥነት በሚለካበት ፕሮፋይል ሞድ ላይ በየ100 ሚሊሰከንዱ ገደማ። ወጪው እንዲያንስ ብለው ነው። እነሱ የሳህናቸውን ቀንሰው ሰጡኝ፣ እኔ ሌላ ሳህን ደርቤ ተመለስኩ።

አሁን ፕሮጀክቱ ውስጥ «ሳህን» የሚባል ፎልደር አለ። ማንኛውም ለውጥ ከመግባቱ በፊት አንድ አፕ መለኪያው ጠፍቶም በርቶም ይሮጥና ልዩነቱ ይመዘገባል። የውጭ አገር ሰዎች ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁኛል። ስለ አክስቴ እጽፍላቸዋለሁ።

መለካት ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፍላተር በእውነተኛ ስልኮች ላይ ለውጦችን የሚፈትንበት ላብራቶሪ አለው። የእኔ ላብራቶሪ መሳቢያ ነው፣ ሦስት ስልክ ያለበት። አንዱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ለክቼ ያሻሻልኩት ኮድ ከሰዓት ስለካው ብሶ ይገኝ ነበር። ሁለት ቀን የሌለ ባግ፣ የኮድ ስህተት፣ ሳሳድድ ቆየሁ። ለካ ሙቀቱ ነው። ሐዋሳ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ስልኩ ገና ሳይጀምር ሞቋል። ቻርጅ ላይ ከሆነማ ይብሳል። አሁን ደንብ አለኝ። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት፣ ከቻርጅ ተነቅሎ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀምጦ። በሁለት ሙከራ መካከል አሥር ደቂቃ እረፍት። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ከመጣ በሩን እከፍታለሁ። ሳይንስ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ቁጥሮቹ ግን መጨቃጨቅ አቁመዋል።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ አማካይ የሚባለው ነገር ላይ ቂም አለኝ። 600 ፍሬም ለካችሁ እንበል። 590ዎቹ በ8 ሚሊሰከንድ ደረሱ። አሥሩ ግን 200፣ 200 ፈጁ። አማካዩን አስሉት፣ 11.2 ነው። ከ16.7 በታች፣ ሁሉም ሰላም! አክስቴ ግን አሥር ጊዜ «ኧረ ይሄ ነገር ቆመ» ብላለች። ሰው የሚያስታውሰው የቆመውን እንጂ የሄደውን አይደለም። ስለዚህ የእኔ ሪፖርት አማካይ አያወጣም። ፍሬሞቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ይደረድርና ከመቶ 99ኛው ጋ ያለውን ያሳያል። እዚያ 200 ተቀምጧል፣ ፍጥጥ ብሎ። አማካይ ጨምርልን የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ አልቆጠርኩም። አልጨምርም። ግትር ነህ ብለውኛል፣ ይሁን።

በሕይወቴ ደጋግሜ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ግን «ዲበግ ሞድ ላይ ነው የለካኸው?» የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ነው። ዲበግ ሞድ ለመሥሪያ ነው፤ ኮዱ እየሮጠ ነው የሚተረጎመው፣ በየቦታው ማረጋገጫ ይካሄዳል፣ ሆት ሪሎድ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ፍጥነት የሚለካው በፕሮፋይል ሞድ፣ በእውነተኛ ስልክ ላይ ነው። ዲበግ ላይ ለክቶ ፍላተር ቀርፋፋ ነው ማለት ገና ለልክ ብቻ የተሰፋ ቀሚስ ለብሶ ሰርግ ሄዶ ልብስ ሰፊውን መውቀስ ነው።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ፕሮፋይል ሞድ ላይም ያታልለኝ ነበር። ፍላተር ድሮ የሚስለው ስኪያ በሚባል ሞተር ነው። ለጂፒዩ የሚዘጋጁ ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። በዚያ አሠራር አፑ እየሮጠ ሳለ፣ መጀመሪያ ሲያስፈልጉ ነበር የሚዘጋጁት። ስለዚህ አንድ አኒሜሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ይንተባተባል፣ ሁለተኛ ጊዜ ለስላሳ ነው። ዴቨሎፐሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ጊዜ ላይ ነው ያለው። እሱ ሃምሳ ጊዜ አይቶታል። መጀመሪያውን የሚያየው አፑን ዛሬ የጫነው ሰው ነው።

ለዚህ ነው ኢምፔለር የሚባለው አዲስ ሞተር የተሠራው። ሼደሮቹ ሞተሩ ሲገነባ አስቀድመው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። አይፎን ላይ በሜይ 2023 በወጣው 3.10 መደበኛው ሆነ። አንድሮይድ ላይ በዲሴምበር 2024 በወጣው 3.27፣ ያውም ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ላሉት። ዓለም በደስታ ተቀበለው። የእኔም መለኪያ ውስጥ የመጀመሪያውን መንተባተብ ለብቻ የሚያሳየው ክፍል ይነሳ፣ አርጅቷል የሚል ሐሳብ መጣ። ኮዱ ቢቀንስልኝ ደስ ባለኝ ነበር። አዲስ የፍላተር ቨርዥን በወጣ ቁጥር እዚህ ይሰበራል፣ እዚያ ስም ይቀየራል፣ አንድ ቅዳሜ ይበላል። ግን የአክስቴ ስልክ አንድሮይድ 9 ነው። እሷ ዘንድ አሮጌው ሞተር እስከዛሬ ይስላል። ፒያሳ ያሉት ስልክ ሻጮች ዘንድ ሄዳችሁ ያገለገሉትን ስልኮች እየከፈታችሁ እዩ፣ ብቻዋን አይደለችም። ክፍሉ አልተነሳም።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ጋ፣ ሾርባ ጋበዘኝ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ተኮፍሰው ቆመዋል፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው። ልጁ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን የኮድ ለውጥ አስገባልኝ» የሚል ጥያቄ፣ አምጥቶልኛል። ፋይሉ ሲጻፍ 3 ሚሊሰከንድ የሚቆጥብ ብልሃት ነው። ጎበዝ ነው፣ እውነት ለመናገር እኔ አላስበውም ነበር። ግን ኮዱን ሦስት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም።

«ብሮ፣ ይሠራል እኮ» አለኝ።

«ይሠራል። ከስድስት ወር በኋላ ሲሰበር ማን ያነበዋል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተማ ያኔ ተመርቀህ ሥራ ላይ ነህ።»

ሾርባውን ዝም ብሎ ጠጣ። እኔም አልተመቸኝም። ገንዘብ የማይከፈልበትን ሥራ ይዞ ለመጣ ልጅ «አይሆንም» ማለት ሆድ ያባባል። ብቻ ዓይኑን ከአባ ኮዳዎቹ ሳይነቅል «ኮሜንት ብጽፍበትስ?» አለ። ኮዱ ውስጥ ማብራሪያ ጻፈበት። ሁለት ጊዜ መለስኩት፣ ሦስተኛው ላይ ገባኝ፣ አስገባሁት። «ሳህን» ውስጥም አለፈ።

አክስቴ አሁን ስልኳ አይግልም። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ባትሪው ግማሽ ላይ ይገኛል። ዝርዝሩ ይሄዳል፤ ዱቄት በነካው ጣቷ ከላይ እስከ ታች ሿ ታደርገዋለች። ማመስገን ግን አታውቅበትም። ትናንት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አርቃ አየችውና «ፊደሉ ያንሳል፣ ዓይኔ ደክሟል» አለችኝ። አተለቅኩላት። ፊደሉ ሲተልቅ ስሞቹ ሁለት መስመር ሆኑ፣ ሁለት መስመር ሲሆኑ የዝርዝሩ ቁመት አንድ ዓይነት መሆኑ ቀረ፣ 99ኛው ቁጥር ከ14 ወደ 19 ሚሊሰከንድ ወጣ።

የለካሁት ግን ከሰዓት ነው፣ ያውም ቻርጅ ላይ። ስልኩን ለአንድ ሌሊት ተውሼ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ፤ ሱቅ ሳትከፍት መመለስ አለብኝ።